ስትነሳ እገባለሁ

«ቁልፉን በእጁ እንዳትሰጪው። አንቺው ገብተሽ አዙሪለት።»

በዛብህ ይህን የሰማው የወንድሙን የቆርቆሮ በር ሊያንኳኳ እጁን እንዳነሳ ነው። የተናገረችው አትጠገብ ናት፣ የወንድሙ ሚስት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ሰምቶ አያውቅም፤ ግን ወዲያው ለያት። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም። የጥር ንፋስ ከካራማራ ተራራ በኩል ቁልቁል እየነዳ አቧራውን ካልሲው ውስጥ ሳይቀር ሞጅሮበታል፤ የመፍቻ ከረጢቱ ትከሻውን ቆርጦታል። ባጃጅ እንዳይዝ ነዳጅ ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል፤ የተገኘው ባጃጅም ለአጭር መንገድ መቶ ብር ነው የሚጠራው። እና ከከተማው ያኛው ጫፍ በእግሩ ኳትኖ የመጣው ይህችን ቃል ሊሰማ ኖሯል። ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ። መመለስ ይችል ነበር። ቢመለስ የሚወቅሰው የለም፤ የሚወቅስ ዘመድ ቢኖረው ኖሮ አንድም ቀን ደጁን የሚረግጥ ሰው ይኖረው ነበር። ግን ጎህ ሳይቀድ ደውላ «አጎቴ» ያለችው ልጂቱ ናት፣ ናዝሬት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ያን ቃል ብቻውን ሁለት ጊዜ ደግሞት ነበር። አንኳኳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሙ ኃይለመስቀል ከሁለት ወር በፊት ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ወደቀና ቀኝ ጎኑም ምላሱም አንድ ላይ ተያዙ። ሐረር ውስጥ በወር አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የሚመጣ የነርቭ ሐኪም አለ፤ ናዝሬት በስንት ልመና ወረፋ ያዘችለት። ወረፋው ዛሬ ነው። ሐኪሙ የመጨረሻውን ሕመምተኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይቶ አውሮፕላኑን ሊይዝ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሦስት ወር ሳይሞላው ሕክምናውን ካልጀመረ እጁም ምላሱም እንደተያዙ ሊቀሩ ይችላሉ ብለዋታል፤ የዛሬው ካመለጠ ቀጣዩ ከወር በኋላ ነው፣ ሦስት ወሩ ያልፋል። ካራማራን ወጥቶ፣ ፍተሻውን ሁሉ ቆሞ፣ ታማሚ አስተኝቶ ሐረር ለመግባት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ቢዘገዩ ቢዘገዩ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መንቀሳቀስ አለባቸው። መኪና ደግሞ አላቸው፣ የራሳቸው ላንድክሩዘር፤ ኋላዋ ፍራሽ አንጥፎ ሰው የሚያስተኛ። ናፍታም በሁለት ጀሪካን ተቀምጦላታል። ሊነዳላቸው የተዋዋለው ይሁን የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ትናንት ማታ መጥቶ ቢሞክራት፣ ቢሞክራት፣ አልነሳ አለችው። ይቺን የሚያውቃት የድሮ ሰውዋ ብቻ ነው ብሎ ለራሱ ሚኒባስ ነዳጅ ሊሰለፍ ሄደ። የድሮ ሰውዋ በዛብህ ነው።

በሩን የከፈተችለት ናዝሬት ናት። ትቷት ሲሄድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን የሃያ አራት ዓመት ሴት ሆናለች፣ የአባቷን ግንባር ይዛ። ጎንበስ ብላ ሳመችው። አትጠገብ ከሳሎኑ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች «ደህና ነህ?» አለችው፤ «ደህና፣ እትዬ፣ እንዴት ናችሁ» አላት፤ አለቀ። ታማሚ ባለበት ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ታማሚው ነው። ገብቶ፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ፣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ፣ ዝም ብሎ ትንሽ መቆየት አለበት። ይህን በዛብህም ያውቃል፣ አትጠገብም ታውቃለች፤ ለዚህም ነው የሳሎኑን መጋረጃ በእጇ ገለጥ አድርጋ የቆመችው። እሱ ግን ከረጢቱን ከትከሻው አውርዶ መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠና ኮፈኑን ይከፍት ጀመር።

«አባባን አትጠይቀውም?» አለችው ናዝሬት ቀስ ብላ።

«ስትነሳ እገባለሁ» አላት።

ይህን በር ላይ ቆሞ ነው የወሰነው። ቁልፍ እንደማይሰጠው ሌባ ሆኖ ወንድሙ አልጋ አጠገብ አይቆምም። ሞተሩ እየጮኸ፣ ጭሱ በመስኮት እየገባ፣ እጁን እየጠራረገ ይገባና «ተነስ፣ እንሂድ» ይለዋል። ያኔ ማን ማንን እንደሚያስፈልገው ለሁሉም ግልጽ ይሆናል። ሲያስበው ደስ አለው። ሌላ ሰው ዕቃ ቢሰበርበት ጠግኖለት ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ወንድም ግን ለወንድሙ ሲጠግንለት የሚቀበለው ሂሳብ ሌላ ነው።

መኪናዋን ከመርፌ እስከ ክሯ ያውቃታል። አንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ሲሸጣት ኃይለመስቀል በጽሕፈት ቤት ጸሐፊነት ያጠራቀመውን አውጥቶ ገዛት፤ ከአዲስ አበባ ጅጅጋ ሁለት ቀን ነድቶ ያመጣት ግን በዛብህ ነው፤ አዋሽ ላይ ጎማ ፈንድቶበት በፀሐይ የተለበለበው በዛብህ ነው። ሊብሬው ላይ የወንድሙ ስም ብቻ ሰፈረ። ያኔ አልከፋውም ነበር፤ በኋላ ነው የከፋው፤ ብዙ ነገር በኋላ ነው የሚከፋው። አሁን ሲያያት ቀለሟ ገርጥቷል፣ የኋላ መብራቷ በፕላስተር ተይዟል፣ ግን ንጹሕ ናት። ወንድሙ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ራሱ ነበር የሚያጥባት፤ ልጅ አያስነካትም ነበር።

ባትሪው መሞቱ አያጠያይቅም፤ ሁለት ወር ቆማለች። ከጎን ያለው ጎረቤት ዐብዲረዛቅ ገና ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ የራሱን ባትሪ ነቅሎ አቀበላቸው። በዛብህ ገጠመው፤ ናዝሬት ጋቢና ገብታ ተቀመጠች፤ «በይ» አላት፤ ቁልፉን አዞረችው። የማስነሻው ሞተሪኖ ጥሩ አድርጎ አሽከረከረ፤ ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ አልያዘም። «ተይ።» ትንሽ ቆየና «በይ።» አሁንም ያው። ወደ ኋላ ሄዶ የጭስ ማውጫውን አፍ በመዳፉ ከደነው፤ ነጭም ጥቁርም ጭስ የለም። ጭስ ከሌለ ናፍታ ወደ ሞተሩ አልገባም ማለት ነው። ይህ ደስ አሰኘው። ብዙ የቆመ የናፍታ መኪና አየር ይገባበታል፤ አየሩን ማስወጣት የልጅ ሥራ ነው። አትጠገብ ሻይ ይዛ ስትመጣ «ግማሽ ሰዓት» አላት፤ «እሺ» ብላ ብርጭቆውን ጭቃ መከላከያው ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። እጁ ላይ ልትሰጠው ትችል ነበር።

ፊልትሮውን ፈታ፣ አጸዳ፣ ቀደም ሲል ያጠራቀመውን ውኃ ደፋ፣ አዲስ ናፍታ ሞላበት፤ የአየር መልቀቂያዋን ብሎን አላልቶ በእጅ የሚጫነውን የናፍታ መሳቢያ አውራ ጣቱ እስኪደነዝዝ ይጫን ጀመር። መጀመሪያ አረፋ ወጣ፣ ከዚያ አረፋና ናፍታ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍታ። አጠበቀ። «በይ።» ዞረ፣ አልያዘም። ደግሞ አላላ፣ ደግሞ ጫነ። ሦስት ሰዓት ሆነ። በዚህ መሃል ከመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል ድምፅ ይሰማው ጀመር፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ የሆነ ነገር በእንጨት ላይ የሚመታ። ናዝሬት ከጋቢናው ወርዳ ገባችና ወጣች።

«አጎቴ፣ አባባ በግራ እጁ አልጋውን እየመታ ነው። ውኃ ብሰጠው እምቢ አለ፣ የሽንት ዕቃ ባቀርብለት እምቢ አለ። ወደዚህ ወደ መኪናው ነው የሚያየው። አንተን የሚጠራህ ይመስለኛል።»

«ምን ሊለኝ ነው የሚጠራኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ገብተህ ብታየው።»

«ስትነሳ ነው የምገባው አልኩሽ እኮ።»

ምን ሊለው እንደሚጠራው ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ መሰለው። ከመኪናዬ ላይ እጅህን አንሳ ሊለው ነው፤ ምላሱ ቢታሰር ግራ እጁ አልታሰረም። ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ በ2006 ነው። በዛብህ ያኔ ሥራ ፈት ነበር፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌርነት ተቀንሶ። አንድ ነጋዴ ከአይሻ ልባሽ ጨርቅ ጭነህ አምጣልኝ፣ በአንድ ምልልስ የሦስት ወር ደመወዝ እሰጥሃለሁ አለው። ለወንድሙ ቢነግረው እምቢ እንደሚለው ስለሚያውቅ ሳይነግረው ወሰዳት፤ ወንድም ወንድሙን አስፈቅዶ ነው እንዴ? ሲመለስ ኮንትሮባንድ ነው ብለው ጉምሩኮች ያዙት፤ መኪናዋም እሱም ታሰሩ። ኃይለመስቀል መጥቶ መኪናዬ ያለ ፈቃዴ ተወስዳ ነው ብሎ በፊርማው ጻፈ። ያን ወረቀት ስለጻፈ መኪናዋ በሦስተኛው ሳምንት ተፈታች፤ በዛብህ አምስት ወር ከረመ። ሲወጣ ሊቀበለው የመጣ ሰው አልነበረም። ሌላውን ሁሉ ይረሳል፤ በወንድሙና በመኪናው መካከል መምረጥ ሲመጣ የተመረጠችው እሷ መሆኗን ግን ሲተኛም ሲነሳም አልረሳውም። በ2010 ክረምት ከተማዋ በታወከች ጊዜ ይህቺው መኪና አሥራ አንድ ሰው ጭና ወደ ጦሩ ካምፕ ስትሄድ በዛብህ ውስጧ አልነበረም፤ እሱን ሁለት ቀን ጓዳዋ ውስጥ የሸሸገችው ደሃቦ የምትባል ሱማሌ ጎረቤቱ ናት፣ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ «እዚህ ቤት ወንድ የለም» እያለች። ዘመዱ ማን እንደሆነ ያኔ ነው የለየው።

አምስት ሰዓት ላይ ዐብዲረዛቅ ባትሪውን ሊወስድ ተመልሶ መጣ። ሽርጡን በሱሪ ቀይሮ፣ ሽቶ ተቀብቶ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ያለው፣ ለሃያ ዓመት ከእነ ኃይለመስቀል ጋር ግድግዳ የሚካፈል ሰው ነው። ባትሪ ሌላ ሰው ይስጣችሁ፣ እኔ አሁን ሐረር ለመውጣት ነው፤ የሟች አጎቴን ልጅ ልጠይቅ ነው፤ መኪናዬ ትንሽ ናት፣ ግን የፊቱን ወንበር ወደኋላ ካስተኛነው ኃይሌን እወስደዋለሁ፤ ቀበቶ አስረን፣ ልጂቱ ከኋላ ሆና አንገቱን ትይዝለታለች አለ። አትጠገብ እጆቿን ነጠላዋ ላይ ጠራረገችና ወደ በዛብህ ዞረች። ናዝሬትም ዞረች። በዛን ሰዓት በዚያ ግቢ ውስጥ ሦስት ሰው የእሱን አፍ ያይ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ማንም ስለ ምንም ነገር ጠይቆት አያውቅም።

«በዚያች በቁራጭ መኪና አጣጥፋችሁ ልትገድሉት ነው?» አለ። «አሁን ነው የምትነሳው። የቀራት ትንሽ ነው።»

«አቦ በዛብህ፣ ወላሂ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አለ ዐብዲረዛቅ። «እልህ አትያዝ። መኪና ናት፣ ሚስት አይደለችም።»

«ሂድ አንተ። ባትሪህን ብቻ ተወልን።»

«ባትሪዬን ትቼልህ በምን ልሂድ? በምራቄ?» ብሎ ሳቀ፤ ሌላው ግን አልሳቀም። ልውሰደው ወይ ብሎ አትጠገብን ጠየቃት፤ አትጠገብ «እሱ ትነሳለች ካለ…» አለችና ቃሉን ሳትጨርስ ተወችው። ዐብዲረዛቅ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ኃይለመስቀልን በሱማልኛም በአማርኛም ሰላም አለው። ከሱቁ ለሽያጭ ካስቀመጣቸው ሌላ ባትሪ አስመጣላቸውና የራሱን ገጥሞ ሄደ። የመኪናው ድምፅ ከአስፋልቱ ጋር ተቀላቅሎ እስኪጠፋ ድረስ በዛብህ ሞተሩ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ናፍታ ከሚረጨው ፖምፓ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ስድስቱን ቀጫጭን ቱቦዎች በአሥራ ሰባት መፍቻ አላላቸውና ናዝሬትን አስዞራት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። እስከ ፖምፓው ድረስ ናፍታ ይመጣል፤ ከፖምፓው ግን አይወጣም። እንግዲህ ወይ ፖምፓው ሁለት ወር ቆሞ ነክሶ ተጣብቋል፣ ወይ ደግሞ ፖምፓው ላይ ያለችው፣ ቁልፍ ሲዞር በኤሌክትሪክ ናፍታውን የምትከፍተው ትንሿ መዝጊያ አልከፍት ብላለች። ሽቦዋን ነካ አደረገ፤ ጥብቅ ናት፤ አልተበጠሰችም። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ ደህና ናቸው። ከዚህ በላይ ሽቦ መከተል የእሱ ሥራ አይደለም። እሱ ያደገው በድሮዎቹ ጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪኖች ነው፤ የናፍታ ሞተር ናፍታና አየር ካገኘ ኤሌክትሪክ አይለምንም ብለው አስተምረውታል፤ ጋራዥ ውስጥም መካኒክ ሽቦ አይነካም፣ የሽቦ ሰው ብረት አይፈታም፤ አንዱ በአንዱ እንጀራ አይገባም። በከተማው የታወቀው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዴቅ ነው። የአትጠገብን ስልክ በናዝሬት አስመጥቶ ደወለለት፤ የዴቅ ስልክ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ዴቅ ሱቅ ጎን ላለው ጎሚስታ ቢደውልለት፣ ዴቅ በጠዋት ወደ ጠረፉ ወደ ቶጎጫሌ ወርዷል፣ እዚያ ኔትወርክ አይሠራም አለው። እንግዲያው ፖምፓው ነው አለ በዛብህ ለራሱ፤ ፖምፓው መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ፖምፓው ካልሆነ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

መስኮቱ ሥር ያለው ኳ፣ ኳ ቀጥሏል። ናዝሬት ለሁለተኛ ጊዜ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «አጎቴ፣ እባክህ። አንድ ጊዜ ብቻ ግባ። ካንተ ሌላ ሰው ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።» በዛብህ እጁን አሳያት፤ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። በዚህ እጅ እንዴት ነው የሰው አልጋ አጠገብ የምደርሰው አላት። እውነት አስመስሎ ነው ያለው፤ እሷም እውነት ነው ብላ ልትቀበለው ሞከረች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል በግፊ እንሞክራት አለ። ወደ መስጊድ ለሰላት የሚሄዱትን፣ ሻይ ቤት የተቀመጡትን፣ አህያ ጋሪ ላይ ውኃ የሚያዞረውን ሰውዬ ሳይቀር ለመነ፤ ዘጠኝ ሰው ሆነው ከግቢ አወጧትና መንገዱ ቁልቁል ወደሚልበት ገፏት። ናዝሬት መሪ ላይ፣ ሁለተኛ ማርሽ፤ «ልቀቂ» ሲላት ፍሪሲዮኑን ለቀቀች፤ ጎማዎቹ ተንገጫገጩ፣ ሞተሩ በግድ ዞረ፣ ኋላዋ አቧራ እንጂ ጭስ አልወጣም። ሦስት ጊዜ ገፉ። በሦስተኛው የጋሪው ሰውዬ ወገቡን ይዞ ቆመና አንተ ሰውዬ፣ ይቺ መኪና ሞታለች፣ ቅበራት አለው። ሰዎቹ እጃቸውን እያራገፉ ተበተኑ። መኪናዋ ከበራቸው መቶ እርምጃ ዝቅ ብላ መንገድ ዳር ቀረች። አትጠገብ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ፍራሹንና ፍራሹን የሚሸፍነውን አንሶላ በክንዷ ታቅፋ። ሰዓቷን አላየችም። ተመልሳ ገባችና ፍራሹን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ማንም አልቸኮለም። ናዝሬት ኮንትራት መኪና ፍለጋ ብትደውል አንዱ ነዳጅ የለኝም አላት፣ አንዱ አላነሳም፣ አንዱ ተነስቼ እስክመጣ ስምንት ሰዓት ይሆናል አላት። በዛብህ ቱቦዎቹን መልሶ ያጠብቅ ጀመር፤ ለምን እንደሚያጠብቅ አያውቅም፣ ክፍት ነገር ትቶ መሄድ ስለማይወድ ነው። ስምንት ሰዓት አለፈ። ረሃብ አልተሰማውም። ጨርቅ ላይ እጁን ጠራረገና ወደ ቤቱ ወጣ፤ በሳሎኑ አልፎ፣ መጋረጃውን በክርኑ ገፍቶ፣ መኝታ ቤት ገባ። የሚገባበት ምክንያት አልነበረውም። የቀረው ነገር እሱ ብቻ ስለነበር ነው የገባው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ቁም ሣጥን፣ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የካምፎር ሽታ። ኃይለመስቀል ለሐረር የተዘጋጀበትን ነጭ ሸሚዝ እንደለበሰ በትራስ ተደግፎ ተኝቷል። ፂሙን ላጭተውታል። በዛብህ የጠበቀው ያን ወረቀት የፈረመውን ሰፊ ሰውዬ ነበር፤ ያገኘው ሸሚዙ የሚበዛበት፣ አፉ በአንድ በኩል የወረደ ሽማግሌ ነው። «እግዜር ይማርህ፣ ጋሼ» አለው። ኃይለመስቀል አልሰማውም፤ ወይም ለዚያ ጊዜ አልነበረውም። ግራ እጁን አነሳና ትራሱ ሥር ያለውን የአንሶላ ጫፍ ገለጠ፤ ከሥሩ ፍራሹን በጣቱ ጫን፣ ጫን አደረገ። ከዚያ ወደ መስኮቱ አየ። ደግሞ አንሶላውን ገለጠ፣ ደግሞ ጫን አደረገ።

ተከትላው የገባችው ናዝሬት ተንበረከከች። «ከሥር? ከመኪናው ሥር?» አባቷ ዓይኑን ጨፈነ፣ አይደለም ማለቱ ነው። «ከምንጣፍ ሥር?» ራሱን ነቀነቀ። «የጋቢናው ምንጣፍ? የሾፌሩ ወንበር ሥር?» ነቀነቀ፣ ነቀነቀ፤ ከጉሮሮው ድምፅ ወጣ። «ምን አለ እዚያ? ሽቦ? ማብሪያ? አንተ ያስገባኸው?» አሁን እንባው ደህናውን ጉንጩን ይዞ ወረደ። በዛብህ እዚያው እንደቆመ ሁሉም ገባው። ሌባ ቁልፍ ቢያገኝ እንኳ እንዳያስነሳት፣ ወደዚያች ትንሽ መዝጊያ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥ ድብቅ ማብሪያ። ብዙ ሰው ያስገባል። ኃይለመስቀል ለሚስቱም አልነገረም፤ የሚነዳት እሱ ብቻ ነበርና ማምሻውን ሲያቆማት ያጠፋል፣ ሲነሳ ያበራል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?» አለችው አትጠገብ ከኋላ። ሰዓቱን እንደመጠየቅ ነው የጠየቀችው።

ኃይለመስቀል አምስት ጣቱን ዘረጋ። ጨበጠ። ከዚያ አራት ጣት ዘረጋ።

ማንም አልቆጠረም ማለት አይቻልም። ናዝሬት ወለሉን አየች። አትጠገብ የመድኃኒት ካርቶኑን አንስታ መልሳ እዚያው አስቀመጠች። በዛብህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲጠራ ቢገባ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይህን ያየው ነበር፤ አምስት ሰዓት ላይ ቢገባም ይደርሱ ነበር፤ ዐብዲረዛቅን ባይመልሰው ኖሮ ደግሞ ወንድሙ አሁን ሐኪሙ ፊት ነበር። ይህንንም ሁሉም በየልቡ ቆጠረው። ያቺን ማብሪያ ያስገባው ሰውዬ ለሌባ ብሎ ነው ያስገባት፤ ሌባው ማን እንደነበር ደግሞ ጣቶቹ ተናገሩ። በዛብህ መናደድ ፈልጎ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የተዘጋጀበት ንዴት ነው፤ ሲፈልገው ግን አላገኘውም።

ቁልቁል ወረዱ። የሾፌሩን ወንበር ወደኋላ ስቦ ምንጣፉን ገለጠ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ማብሪያ ብረቱ ላይ ተጣብቃለች። ጫናት። ናዝሬት አዞረች። አንድ ጊዜም አልተንገራገጨችም፤ እንደ ትናንት የጠፋች ሆና ተነሳች። ነጭ ጭስ ኋላዋን ሞላው፣ ከዚያ ጠራ። ሞተሩ ድም ድም እያለ እኩል ይመታል፤ ደህና ሞተር ነው፣ ምንም የለበትም፣ ጠዋትም ምንም አልነበረበትም። ሻይ ቤት ያሉት አጨበጨቡ። ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆኖ ነበር። ናዝሬት ሞተሩ እየሠራ ሐረር ደወለች፤ አንድ ጆሮዋን በእጇ ይዛ ብዙ ጊዜ «እሺ፣ እሺ» አለች። ሐኪሙ ዛሬ እንዲያውም ቀደም ብሎ ጨርሷል፤ ለሚቀጥለው ወር ከሃያ ቀን በኋላ ደውሉ አሏት። ስልኩን ኪሷ ከተተችና ማርሽ አስገብታ መኪናዋን ቀስ እያለች ወደ ግቢ መለሰቻት። በዛብህ ከኋላ በእግሩ ተከተላት። የመኝታ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው፤ ኳኳታው ቆሟል።

አትጠገብ በጆግ ውኃና በቁራጭ ጋዜጣ ኦሞ ይዛ ጠበቀችው። በዚያ ቤት እጅ የሚያስታጥቡት የተከበረን ሰው ነው፤ በዛብህ ይህን አሰበና ሳይወድ በግድ ልቡ ሞቅ አለ። ጎንበስ አለ። ታፈስለታለች፣ ያሻል። ስልኳ ጮኸ፤ ዴቅ ነው፣ ከቶጎጫሌ ሲመለስ ኔትወርክ ይዞት ያመለጡትን ጥሪዎች አይቶ። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ያዘችው፤ ማፍሰሷን አላቆመችም። ድምፅዋን አልቀነሰችም፤ ለመሸሸግ የሚያደርስ ነገር አልመሰላትም።

«አዎ፣ ተነሳች፣ ማብሪያው ነው። አንተ ነህ ያስገባኸው አይደል? …እሺ። ነገ ጠዋት ብትመጣልኝ። ቦታውን እንድትቀይርልኝ ነው። …አይ፣ አልተበላሸም። ሰው አየው።»

ከዚያ «ዘርጋው» አለችው፤ እጁን ማለቷ ነው። ዘረጋላት። ውኃው ጥቁር ሆኖ በጣቶቹ መካከል ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተንጣለለ፤ ጆጉ እስኪያልቅ አፈሰሰችለት፣ ሌላ ልሙላልህ አለችው፣ በቃኝ፣ ንጹሕ ነው አላት።